ያረጀ ፕራዶ፣ የተሰነጠቀ ራዲያተር፦ የቱን መንገድ መምረጥ ይሻላል?

ከ200,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ ፕራዶ፣ ራቭ ፎር፣ ቪታራ ወይም ፓትሮል ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ የራዲያተር ጉዳይ አይቀርለትም። ሲጀምር ምልክቱ ቀላል ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ጣፋጭ የሚል ጠረን ይመጣል፤ መጠባበቂያ ታንኩ በየሳምንቱ ጥቂት ይጎድላል፤ ጠዋት መኪናው ከቆመበት ሲነሳ መሬቱ ላይ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ጠብታ ይታያል። ከዚያ አንድ ቀን ዳገት ላይ የሙቀት ጌጁ ድንገት ሽቅብ ይወጣና እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ይንቦለቦላል።

ያኔ ምክር ይበዛል። አንዱ መካኒክ «ሙጫ እናድርግበት» ይላል። ሌላው «ሶማሌ ተራ ወርደን ያገለገለ እንፈልግ» ይላል። ሦስተኛው የራዲያተሩን የፕላስቲክ ክፍል ብቻ መቀየር በቂ ነው ብሎ ይምላል። ባለ ሱቁ ደግሞ «አዲስ አለኝ፣ ኦርጅናል ነው» እያለ ካርቶኑን ያወርዳል። እያንዳንዱ መንገድ የሚያዋጣበት ሁኔታ አለ። እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ነው የምመዝነው፦ ይህን ካደረግሁ በኋላ ያረጀው ፕላስቲክ መኪናው ላይ ይቀራል ወይስ ይወጣል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙ ሞተር የሚበላሸው እሱን ሳይጠይቁ በርካሹ መንገድ በመሄድ ነው።

እነዚህ መኪኖች ደግሞ በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬ በእጅዎ ያለው የ2003 ወይም የ2005 ሞዴል ፕራዶ ገና ብዙ ዓመት መሥራት ይጠበቅበታል። ሞተሩን ደግሞ ከሙቀት የሚጠብቀው ከፊት የቆመው ያ ራዲያተር ነው።

የሚሰነጠቀው ምኑ ነው?

የዛሬ ራዲያተር ሁለት የተለያዩ ነገሮች የተጋጠሙበት ዕቃ ነው። መካከሉ ቀጫጭን ቱቦዎችና ስስ ቅጠሎች ያሉት አልሙኒየም ነው። ከላይና ከታች፣ በአንዳንድ መኪና ደግሞ ከግራና ከቀኝ፣ ውሃ የሚሰበስበው ክፍል ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ተራ አይደለም፤ ከመስታወት ክር ጋር የተቀላቀለ ናይሎን 66 የሚባለው ነው። በመካከላቸው የጎማ ማሸጊያ አለ፤ የአልሙኒየሙ ጠርዝ ጥርስ ጥርስ ሆኖ በፕላስቲኩ ላይ ታጥፎ ይይዘዋል።

አልሙኒየሙ ከጠጠር፣ ከዝገትና ከቆሻሻ ካመለጠ ረጅም ዕድሜ አለው። የሚያረጀው ፕላስቲኩ ነው። በየቀኑ ከጠዋት ቅዝቃዜ ተነስቶ ከ90 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ማታ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ አልሙኒየሙ ደግሞ ከእሱ ጋር እኩል አይለጠጥም። ትኩሱ ፈሳሽም በውስጥ በኩል ናይሎኑን ቀስ በቀስ ያደክመዋል። ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ፕላስቲኩ ተሰባሪ ይሆናል፤ በጣት ሲመቱት ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

ፕራዶ 120 ወይም ላንድክሩዘር 100 ካለዎት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ይክፈቱና በባትሪ መብራት የላይኛውን ፕላስቲክ ይመልከቱ። ሲገጠም ጥቁር ነበር። አሁን ቡናማ ወይም ወደ ወይራ አረንጓዴ የሚያደላ ቀለም ከያዘ አርጅቷል። ትልቁ ቱቦ የሚገባበትን አንገት ዙሪያውን በጣት ይዳብሱ። ፀጉር የሚያክል መስመር፣ በላዩም የደረቀ ሮዝ ወይም ነጭ ዱቄት ካገኙ ስንጥቁ ተጀምሯል ማለት ነው፤ ኩላንቱ (ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲሞቅ ይወጣል፣ ውሃው ይተንናል፣ ዱቄቱ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ሲቀዘቅዝ ምንም አይንጠባጠብም፤ ለዚህ ነው መካኒኩ ጠዋት አይቶ «ደህና ነው» የሚለው። የዚህ አንገት ስብራት በጣም አደገኛው ነው፤ እያንጠባጠበ አያስጠነቅቅም፣ ባንድ ጊዜ ተቆርጦ ውሃውን በሙሉ ይደፋዋል።

ደጋ ላይ ለምን ይከፋል?

ይህን ነጥብ ጋራዥ ውስጥ ሲነገር ብዙም አልሰማም፤ ለእኛ አገር ግን ዋናው ነገር ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ቶዮታ ቴርሞስታት (ትኩሱን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚለቅ ቫልቭ) መከፈት የሚጀምረው ወደ 82 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በመካከል የቀረችው 10 ዲግሪ ብቻ ናት።

ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተር ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ባር ማለት ነው። በ1.1 ባር ግፊት አዲስ አበባ ላይም ቢሆን ፈሳሹ ከ115 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ አይፈላም። ራዲያተሩ በፀጉር መስመር ሲሰነጠቅ ግን የሚጠፋው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ግፊቱም ይጠፋል። ውሃው ሞልቶ እያለ መኪናው ሲያፈላ የሚታየው ለዚህ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ፣ ወይም ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በር የሚያቋርጥ ሰው ግፊት በማይዝ ራዲያተር መንገድ መጀመር የለበትም። ዓባይ በረሃ ላይ ሙቀቱም ዳገቱም አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ደካማ ራዲያተር ያለ መኪና እዚያ ነው የሚለየው።

ጌጁንም ብዙ አይመኑት። የብዙ ቶዮታ መርፌ ሙቀቱ በሰፊው ቢለዋወጥም መሐል ላይ ቆሞ እንዲታይ የተሠራ ነው። ከፍ ማለት ሲጀምር ጉዳዩ ቀድሞ አልፏል። ይባስ ብሎ ውሃው በሙሉ ከፈሰሰ ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ስለሚቀር መርፌው ሊወርድ ይችላል፤ ሾፌሩ «ቀዘቀዘ» ብሎ ሲነዳ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ይጣመማል። የቆየው ፕራዶ ላይ ያለው 1ኬዜድ ናፍጣ ሞተር በዚህ በኩል ምሕረት የለውም፤ አልሙኒየም ቴስታታው አንዴ በደንብ ከሞቀ የመሰንጠቅ ልማድ አለው። የቴስታታ ወጪ ደግሞ ከማንኛውም አዲስ ራዲያተር ይበልጣል።

ከመግዛትዎ በፊት፦ ጥፋተኛው በእርግጥ ራዲያተሩ ነው?

ሦስት ነገሮችን ሳያጣሩ ገንዘብ አያውጡ። አንደኛ፣ የግፊት ፓምፕ ያለው ጋራዥ ይሂዱ። በራዲያተሩ አፍ ላይ ተገጥሞ በእጅ የሚነፋ፣ ጌጅ ያለው መሣሪያ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ግፊት ድረስ ተነፍቶ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይቆይ። መርፌው ከወረደ የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ ቦታውን በዓይን መፈለግ ነው። ቱቦ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የውስጥ ማሞቂያው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ክዳኑን ራሱን ያስፈትሹ፤ ከራዲያተር ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የእሱ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው ጋስኬቱ ነው። የቴስታታ ጋስኬት፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ ገላ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተበልቶ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው ከገባ ራዲያተሩ ከአቅሙ በላይ ይነፋል፣ በደካማው ቦታም ይሰነጠቃል። አዲስ ገዝተው ቢገጥሙ እሱም ይከተላል። ይህን የሚያሳይ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር እንዲያልፍበት ሲደረግና ጋዝ ሲያገኝ ወደ ቢጫ፣ በናፍጣ ሞተር ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ፈሳሹ ከሌለ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሱት፤ ገና ሳይሞቅ ጀምሮ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ጋስኬቱ ነው መሄድ ያለብዎት።

ሙጫና መድፈኛ ዱቄት

ለመንገድ ብቻ ነው። ናይሎን ከሙጫ ጋር አይስማማም፤ ቢይዝም ፕላስቲኩ ሲለጠጥ ይላቀቃል። በጋለ ብረት ማቅለጥና ሽቦ መቅበርም ያው ነው፣ ከጎኑ ያለው ፕላስቲክ ተሰባሪ ስለሆነ ስንጥቁ ጠጋውን ዞሮ ይሄዳል። ውሃው ውስጥ የሚጨመረው መድፈኛ ደግሞ ስንጥቁን ብቻ መርጦ አይደፍንም፤ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችና የውስጥ ማሞቂያውንም ይዘጋል። መተሐራ ላይ ቆመው አዳማ ለመድረስ ከሆነ ይጠቀሙበት፣ ሲደርሱ ያስለውጡ። በዚያ ሁኔታ ክዳኑን ግማሽ ማላላት ፍሳሹን ይቀንሳል፤ ግን ግፊት ስለሌለ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ መንዳት፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ ጥግ መክፈት፣ በየጥቂቱ ቆሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ትኩስ ክዳን ደግሞ በጨርቅም ቢሆን አይከፈትም፤ ማላላቱ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚደረግ ነው።

ፕላስቲኩን ብቻ መቀየር

ብዙ ሰው የሚንቀው፣ እኔ ግን በትክክለኛው ቦታ የማከብረው መንገድ ይህ ነው። አዲስ የላይ ወይም የታች ፕላስቲክ ለብቻው ይሸጣል፤ የጎማ ማሸጊያውም አብሮት ይመጣል። ጎበዝ የራዲያተር ሠራተኛ ሲሠራው ቆመው ቢያዩ ትዕግሥቱ ይገርምዎታል። የአልሙኒየሙን ጥርሶች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በጥቂቱ፣ ፕላስቲኩ እስኪላቀቅ ብቻ ያነሳል፤ አብዝቶ ቢያነሳ ይሰበራሉ። ከዚያ ጎማው የሚቀመጥበትን ቦይ ከአሮጌ ጎማና ከነጭ ዱቄት ያጸዳል። ቦይው ላይ አንዲት ቅንጣት ቆሻሻ ብትቀር ከዚያ ይፈሳል። አዲሱን ጎማ ሳያጣምም ያስቀምጣል፣ ፕላስቲኩን በማሰሪያ እኩል ይጫናል፣ ጥርሶቹን ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር እየተቀያየረ ይመልሳል። በመጨረሻ ሁለቱን አፎች ዘግቶ አየር ይሞላና ውሃ ገንዳ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ ካልታየ ጨረሰ።

ይህ መንገድ የሚያዋጣው አልሙኒየሙ ጤነኛ ሲሆን ነው። ቅጠሎቹ በጣት ሲነኩ እንደ ዱቄት የሚረግፉ ከሆነ፣ ቱቦዎቹ በኖራ ወይም በዝገት ከተዘጉ፣ ወይም ጥርሶቹ ከዚህ በፊት አንዴ ተከፍተው ከነበረ ገንዘብዎን አያባክኑ። የአልሙኒየም ጥርስ ተደጋጋሚ መታጠፍ አይችልም። ሌላው ማሳሰቢያ፦ የላይኛው ከተሰነጠቀ የታችኛውም የዚያኑ ያህል አርጅቷል። ሁለቱንም አንድ ላይ ያስቀይሩ። አንዱን ብቻ መቀየር ያልኩትን ጥያቄ በግማሹ ብቻ ነው የሚመልሰው።

ያገለገለ

ሶማሌ ተራ ከተሰበሩ መኪኖች የወጣ ራዲያተር አይጠፋም፤ ውስጡ ደግሞ እውነተኛ ኦርጅናል ይገኛል። ሻጩም «ይህ የጃፓን ነው፣ አዲሱ ኮፒ ከዚህ አይሻልም» ሲል ስለ አሠራሩ ውሸት አልተናገረም። ዕድሜውን ግን አይነግርዎትም። ከ2004 ሞዴል መኪና የወጣ ራዲያተር ፕላስቲኩ ከእርስዎው ጋር እኩያ ነው። የእርስዎው የተሰነጠቀው በዕድሜ ከሆነ፣ የሚገዙት ወረፋ ላይ ያለውን ነው።

ግዴታ ከሆነብዎ ግን እንዲህ ይምረጡ። ፕላስቲኩ ላይ ብዙ ጊዜ ክብ፣ የሰዓት ፊት የመሰለ ትንሽ ምልክት ተቀርጾ ይገኛል፤ መሐሉ ላይ ያለው ቁጥር የተመረተበት ዓመት ነው፣ ቀስቱ ወሩን ያሳያል። ከእርስዎው በጣም አዲስ ካልሆነ ይተዉት። ቀለሙ ጥቁር ይሁን። ውስጡን በባትሪ ይዩ፤ ቡናማ ጭቃ ካለ ውሃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ ነው። እዚያው በአየርና በውሃ ካልተፈተነ አይክፈሉ። ለኦቶማቲክ መኪና ግን በምንም ሁኔታ አልመክርም፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ።

አዲስ፦ ኮፒ ወይስ ኦርጅናል?

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ መወሰን ከጀመረ ጀምሮ የመለዋወጫ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አልጽፍም። በኦርጅናልና በኮፒ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሁሌም ትልቅ ነው፤ ብዙ ሰውም ልዩነቱ የስም ብቻ ይመስለዋል።

ልዩነቱ ብረቱ ላይ ነው። መለኪያ ይያዙና የአልሙኒየሙን ውፍረት ይለኩ። ከመኪናዎ የወጣው 26 ሚሊ ሜትር ሆኖ የሚሸጥልዎት 16 ከሆነ ሜዳ ላይ ይሠራል፣ አራት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ግን ሙቀቱን አያወጣም። ቅጠሎቹ የተቀራረቡ መሆናቸውንም ይዩ። ሁለቱን በእጅዎ አንስተው ያመዛዝኑ፤ በጣም የቀለለ ራዲያተር የጎደለው ነገር አለ። የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ከአሮጌው ጋር ልክ ይግጠሙ። ቀዳዳ አስፍቶ በኃይል የተገጠመ ራዲያተር ሁሌም እንደተወጠረ ይኖራል፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ ከማሰሪያው ዳር ይሰነጠቃል።

ፕላስቲኩ ላይም ማስረጃ አለ። በላቲን ፊደል ፒኤ66-ጂኤፍ30 የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ ቢያገኙ ናይሎን 66 ከ30 በመቶ የመስታወት ክር ጋር ማለት ነው። ጽሑፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ ማንም ሊቀርጸው ይችላል፤ ምንም ጽሑፍ የሌለው ዕቃ ግን ይበልጥ ያጠራጥራል። የብዙ ቶዮታ ራዲያተር ሠሪው ዴንሶ ነው፤ በ1949 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከቶዮታ ተነጥሎ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ስለዚህ የዴንሶ ካርቶን የያዘ እውነተኛ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከቶዮታው ካርቶን ይረክሳል፣ ጥራቱ ግን አይወርድም። ኮዮ፣ ኒሰንስና ቫሌዮም ራሳቸው የታወቁ ራዲያተር ሠሪዎች ናቸው። ችግሩ ካርቶን በቀላሉ መታተሙ ነው። አሮጌውን ራዲያተር ይዘው ሱቅ ይሂዱና ጽሑፉን፣ ክብደቱን፣ የፕላስቲኩን አጨራረስ ጎን ለጎን ያስተያዩ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ሌላ ሱቅ አለ።

ጥሩ ኮፒ የለም ማለቴ አይደለም። ሦስት ወይም አራት ዓመት የሚያገለግል ኮፒ ይገኛል፤ ከተማ ውስጥ ለሚሽከረከር ማንዋል ራቭ ፎር ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ፕላስቲኩ አዲስ ነው።

ከውጭ በዘመድ ለማስመጣት ካሰቡ «የፕራዶ ራዲያተር ላክልኝ» ማለት አይበቃም። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተሩን ዓይነት፣ ማንዋል ወይም ኦቶማቲክ መሆኑን፣ የአሮጌውን ፎቶና ልኬት ይላኩ። አሜሪካ በብዛት የሚገኘው የ2003 እስከ 2009 ቶዮታ ፎርራነር ቤንዚን ብቻ ነው፤ የእርስዎ ፕራዶ ናፍጣ ከሆነ መልኩ ቢመሳሰልም ያ ራዲያተር የእርስዎ አይደለም። ዱባይ ያለ ዘመድ ካለዎት የናፍጣ መኪና መሆኑን አስረግጠው ይንገሩት፣ እዚያም የሚበዛው ቤንዚን ነው።

ሙሉ ብረት

የድሮው ላንድክሩዘር ላይ የነበረው ዓይነት፣ ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ፣ በእርሳስና በቆርቆሮ የሚበየድ ራዲያተር አሁንም ይሠራል። ከባድ ነው፣ ውድ ነው፤ ግን ፕላስቲክ የለውም፣ ቢቀደድም ጎዴም ሆነ መተማ ያለ ብየዳ ቤት ይጠግነዋል። ለመስክ ሥራ፣ ከአስፋልት ርቆ ለሚውል ማንዋል መኪና ይህን ከሁሉ አስቀድማለሁ። በልክ ሲያሠሩ ከፋኑ ጋር ያለውን ርቀት ያስለኩ። ሙሉ አልሙኒየሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መልኩ ያምራል፤ ኮረኮንች ላይ ብየዳው ሲሰነጠቅ የሚጠግነው የአርጎን ብየዳ ያለው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም በየከተማው አይገኝም።

ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያላችሁ፣ ይህን በጥንቃቄ

ኦቶማቲክ ፕራዶ ላይ ራዲያተሩ ሁለት ሥራ አለው። በታችኛው ፕላስቲክ ውስጥ የካምቢዮውን ዘይት የሚያቀዘቅዝ ትንሽ የብረት ማቀዝቀዣ ተቀብሯል። ዘይቱ በውስጡ፣ ውሃው በውጪው ያልፋሉ። ያ ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ወይም ከፕላስቲኩ የሚወጣበት ቦታ ሲሰነጠቅ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ውሃው ካምቢዮው ውስጥ ሲገባ የክላቾቹን ሽፋን የያዘውን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። የመጀመሪያው ምልክት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ የሚሰማ መንቀጥቀጥ ነው፤ ጎማው ላይ ያለ ይመስላል፣ ግን ካምቢዮው ነው። ዘይቱ ሲቀዳ እንጆሪ የተቀላቀለበት ወተት ይመስላል።

የዚህ ችግር የታወቀው ምሳሌ የ2005 እስከ 2010 ኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ኤክስቴራና ፍሮንቲየር ነው። አሜሪካ ውስጥ በርካታ ባለቤቶች ካምቢዮ ካጡ በኋላ ኩባንያው የራዲያተሩን ዋስትና ለማራዘም ተገድዷል። ዋሽንግተን፣ ዳላስ ወይም አትላንታ ሆናችሁ ከእነዚህ አንዱን በርካሽ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ራዲያተሩ ተቀይሯል ወይ?» ይሁን።

ለዚህ ነው ለኦቶማቲክ ያገለገለም፣ ሙጫም፣ ርካሽ ኮፒም የማልመክረው። ማንዋል ላይ ራዲያተር ቢከዳ የሚያሰጋው ሞተሩ ነው፣ እሱንም ቶሎ ከቆሙ ያድኑታል። ኦቶማቲክ ላይ ግን በዓይን ሳይታይ ካምቢዮውን ይጨርሳል። ኦርጅናል መግዛት የማይቻል ከሆነ መካከለኛ መፍትሔ አለ፦ የካምቢዮውን የዘይት ቱቦዎች ከራዲያተሩ አላቅቆ ከፊት ለፊት ለብቻው በሚቆም የዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠም። ውሃና ዘይት የሚገናኙበት ቦታ አይኖርም። ማቀዝቀዣው በመጠን ለመኪናው የሚመጥን ይሁን፣ ቱቦዎቹም ለዘይት የተሠሩ ይሁኑ፤ የውሃ ቱቦ የካምቢዮ ዘይት አይችልም።

ታዲያ የቱን?

አልሙኒየሙ ጤነኛ የሆነ ማንዋል መኪና ያለው፣ በጀቱም ጠበብ ያለበት ሰው ሁለቱንም ፕላስቲክ በጥሩ ሠራተኛ ያስቀይር። አልሙኒየሙ ከረገፈ ወይም ከተዘጋ፣ መኪናው ከተማ የሚውል ከሆነ ውፍረቱ የተለካ ጥሩ ኮፒ ይበቃዋል። ሰው ጭኖ አገር አቋርጦ የሚሄድ፣ ወይም ኦቶማቲክ ያለው፣ ወይም 1ኬዜድ ሞተር የያዘ ሰው ግን ጥቂት ወር ቆጥቦም ቢሆን እውነተኛ የዴንሶ ወይም ተመጣጣኝ ሠሪ ራዲያተር ይግዛ፤ እስኪገዛም ከከተማ አይውጣ። ስንጥቅ ባይኖረውም ፕላስቲኩ ቡናማ የሆነ ሁሉ በሰላሙ ጊዜ ቢለውጠው ይሻላል። በሰላም ጊዜ ዋጋ ያወዳድራሉ፤ መንገድ ላይ ግን የተገኘውን ይገዛሉ።

ራዲያተሩ ሲገጠም ክዳኑ፣ የላይና የታች ቱቦዎቹ፣ ማሰሪያዎቹና ቴርሞስታቱ አብረው ይቀየሩ። አዲስ ራዲያተር ላይ የደከመ ክዳን መመለስ ግፊቱን መልሶ ማጣት ነው። ራዲያተሩ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ጎማዎች ከሌሉ ወይም ከደረቁ አዲስ ይደረጉ፤ እነሱ ከሌሉ የሻንሲው ንዝረት በቀጥታ ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል። ፋኑን በእጅ ያዙሩት፤ ሞተሩ ትኩስ ሳለም ያለ ምንም ተቃውሞ የሚሽከረከር ከሆነ የፋኑ ክላች ሞቷል፣ እሱን ሳይቀይሩ ራዲያተሩን መውቀስ አይገባም።

ኩላንቱ ቀድሞ ተቀላቅሎ የመጣ ካልሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ይቀላቀል። ቧንቧ ውሃ ብቻ ማድረግ በረዶ ስለሌለ ምንም አይደለም የሚለው አባባል ስህተት ነው፤ ኩላንት እኛ ጋ የሚያስፈልገው ለበረዶ ሳይሆን አልሙኒየሙን ከዝገትና ከኖራ ለመጠበቅ ነው። የቶዮታው ሮዝ ኩላንት ከመጀመሪያው ለውጥ በኋላ በየ80,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ5 ዓመቱ እንዲቀየር የተሠራ ነው። የተለያየ ቀለም ያላቸውን አያቀላቅሉ።

ሲሞላ መኪናው አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ ይቁም፣ የውስጥ ማሞቂያው ትኩሱ ላይ ይደረግ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየሠራ አረፋው እስኪያልቅ ይጨመር። በማግሥቱ ጠዋት ሳይነሳ መጠባበቂያውን ይዩ፤ አየር ስለሚወጣ ትንሽ መጉደሉ የተለመደ ነው። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ ማሰሪያዎቹን ያጥብቁ። ከዚያም በኋላ በውጭ ምንም ሳይታይ ውሃው መጉደሉን ከቀጠለ ወደዚያው ሰማያዊ ፈሳሽ ይመለሱና ጋስኬቱን ያስፈትሹ።